አየር የሚገድላቸው የአንጀት ነዋሪዎች

ትልቁ አንጀታችን ውስጥ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። እዚያ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች እጅግ የሚበዙት አናይሮቢክ የሚባሉት ናቸው፤ ያለ ኦክስጅን ይኖራሉ፣ ብዙዎቹም አየር ሲያገኛቸው ይሞታሉ። እንዲህ ያለ ሕይወት መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1861 ያሳወቀው ሉዊ ፓስተር ነው።

የምስር፣ የባቄላና የገብስ አሰር ጨጓራና ትንሹ አንጀት ሳይፈጩት ያልፋል። ትልቁ አንጀት ሲደርስ እነዚህ ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ቡቲሬት የሚባል ንጥረ ነገር ያወጣሉ። የአንጀቱን ግድግዳ የሸፈኑት ሴሎች ጉልበታቸውን በዋናነት የሚያገኙት ከዚሁ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ሴሎቹ ቡቲሬቱን ሲያቃጥሉ ከደም የመጣላቸውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ወደ አንጀቱ ውስጥ ሾልኮ የሚገባ እምብዛም አይተርፍም። ባክቴሪያው ሴሉን ይመግበዋል፣ ሴሉም የባክቴሪያውን መኖሪያ ከኦክስጅን ይጠብቅለታል።

ይህን ዝምድና አንቲባዮቲክ ያፈርሰዋል። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ስለሆነ ለጉንፋን ብሎ ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን የሚገዛ ሰው የሚያተርፈው ነገር የለም፤ የሚጎዳው አንጀቱን ነው። በተራቆተው ቦታ ክሎስትሪዶይድስ ዲፊሲል የተባለ ሌላ አናይሮቢክ ሊነግሥበት ይችላል። መርዙ የአንጀትን ግድግዳ ያቆስላል፣ ብርቱ ተቅማጥ ያስከትላል፣ አንዳንዴም ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ የሆላንድ ጥናት፣ ሕመሙ እየተመለሰ ላስቸገራቸው 16 ሰዎች ሐኪሞች የጤነኛ ሰው ሰገራ በጥብጠው በአፍንጫ በገባ ቱቦ ወደ አንጀታቸው አስገቡላቸው። 13ቱ በመጀመሪያው ጊዜ ዳኑ። ለጆሮ የሚከብድ ሕክምና ነው፤ ግን የጠፉትን ነዋሪዎች መልሶ ማስፈር ምን ያህል እንደሚያድን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

እነዚሁ ወዳጆች ከቦታቸው ከወጡ ግን ጠላት ይሆናሉ። ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ባክቴሪዮይድስ ፍራጂሊስ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል። አንጀት ውስጥ ቁጥሩ አነስተኛ ነው፤ ከሆድ መግል በብዛት የሚገኘው አናይሮቢክ ግን እሱ ነው። የሚከረፋው የመግል ሽታ ለቀዶ ሐኪሙ የመጀመሪያ ምልክቱ ነው። ናሙናው አየር እየነካው ከቆየ ባክቴሪያው ይሞትና ላቦራቶሪው ምንም አላገኘሁም ሊል ይችላል። ስለዚህ መግሉ በመርፌ ተስቦ ሳይዘገይ መላክ አለበት።

የእነዚህን አናይሮቢኮች መድኃኒት ብዙዎቻችን ለአሜባ እናውቀዋለን፤ ሜትሮኒዳዞል ነው። ባክቴሪያ ላይ መሥራቱ የታወቀው በአጋጣሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ እንግሊዛዊ የጥርስ ሐኪም፣ ትሪኮሞናስ ለተባለ የሴት ብልት ተሕዋስ ይህን መድኃኒት ስትወስድ የነበረች ታካሚ የድድ ቁስሏም አብሮ መዳኑን ዘገበ። መድኃኒቱ እንዲሁ እንዳለ አይገድልም፤ ኦክስጅን በሌለበት የባክቴሪያው ሰውነት ውስጥ ሲገባ ተለውጦ ዲኤንኤውን ይሰባብረዋል። ኦክስጅን በሚጠቀሙ ሌሎች ባክቴሪያዎች ላይ ይህ ለውጥ ስለማይደርስ፣ ትርፍ አንጀቱ ለፈነዳ ሰው ሜትሮኒዳዞል ብቻውን አይታዘዝም፤ ሌላ አንቲባዮቲክ ይጨመርበታል።