ሁለት ሰልባትዮ፣ አንድ ሞተር

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በአሜሪካ ከተመረቱት የፎርድና የሼቭሮሌት ፒክአፖች ብዙዎቹ ሁለት የቤንዚን ታንኮች፣ በመካኒኮቻችን አነጋገር ሁለት ሰልባትዮዎች፣ ነበሯቸው። የአሽከርካሪው ድርሻ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ማብሪያ መጫን ብቻ ነው፤ ከወለሉ በታች የሚከናወነው ግን የፊዚክስ ተማሪን ትኩረት የሚስብ ነው።

ካርቡሬተር ባላቸው ሞተሮች ጉዳዩ ቀላል ነበር። ሞተሩ ላይ የተገጠመው ፓምፕ ቤንዚኑን ይስባል እንላለን፤ በትክክል ለመናገር ግን ፓምፑ በቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ሲቀንስ፣ በታንኩ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ ይገፋዋል። ከየትኛው ታንክ እንደሚመጣ የሚወስነው ቻሲው ላይ የታሰረው ቫልቭ ነው። ያችው ማብሪያ የነዳጅ መለኪያውንም አብራ ታዞራለች። በጄኔራል ሞተርስ መኪኖች በየታንኩ ያለው ተንሳፋፊ የሚያንቀሳቅሰው ሬዚስታንስ፣ ታንኩ ባዶ ሲሆን ወደ 0፣ ሲሞላ ወደ 90 ኦም ይደርሳል። ስለዚህ መለኪያው የሚናገረው ስለተመረጠው ታንክ ብቻ ነው።

ቤንዚን በኢንጄክተር መረጨት ሲጀምር ግን ነገሩ ተወሳሰበ። ፓምፑ ሞተሩ ከሚያቃጥለው በላይ ስለሚልክ ትርፉ ወደ ታንክ መመለስ አለበት፤ ያውም ወደመጣበት ታንክ። ለዚህ የዋለው ባለስድስት ቀዳዳ ቫልቭ ነው፤ ከሁለቱ ታንኮች ሁለት መላኪያ፣ ወደ ሁለቱ ታንኮች ሁለት መመለሻ፣ ቀሪዎቹ ሁለቱ ወደ ሞተሩና ከሞተሩ። ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር መላኪያውንና መመለሻውን በአንድነት ያዞራል።

መላኪያው ዞሮ መመለሻው ባለበት ቢቀርስ? ለምሳሌ ፓምፑ በሰዓት 80 ሊትር ይላክ፣ ሞተሩ 15 ሊትር ያቃጥል እንበል። ቀሪው 65 ሊትር ወደ ሌላው ታንክ ይሄዳል። በዚያ ታንክ የቀረው ባዶ ቦታ 40 ሊትር ቢሆን በ37 ደቂቃ ገደማ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ቤንዚኑ ሞልቶ መፍሰስ ይጀምራል። የጭስ ማውጫው ቱቦ በቅርብ ባለበት ስፍራ ይህ የእሳት አደጋ ነው።

በ1990ዎቹ የፎርድ ፒክአፖች በየታንኩ የራሱ ፓምፕ ስለተገጠመ የቻሲው ቫልቭ ቀረ፤ ማብሪያዋ አንዱን ፓምፕ ታስነሳለች፣ መመለሻውንም በታንኩ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ቫልቮች ይመራሉ። እነዚህ በሚገባ ካልገጠሙ ያው የመተላለፍ ችግር ይከተላል። እንዲህ ያለ መኪና የሚነዳ ሰው ምርመራውን ያለ መፍቻ ማካሄድ ይችላል። ጥቂት ከነዳ በኋላ ማብሪያዋን ለአፍታ ወደ ሌላው ታንክ ያዙር፤ ያልተጠቀመበት ታንክ መጠን ጨምሮ ካገኘው መመለሻው መንገዱን ስቷል።