የገበሬው እጅ በትራክተር ላይ፦ የባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ አሠራርና አስተካከል

ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ ከትራክተር ኋላ ማረሻን፣ መከስከሻን፣ መዝሪያን ወይም የመድኃኒት መርጫን የሚሸከም ክፍል ነው። ከታች ግራና ቀኝ ሁለት ክንዶች፣ ከላይ መሐል ላይ አንድ ዘንግ አለው። ሦስቱ ነጥቦች ሦስት ማዕዘን ስለሚሠሩ የታሰረው መሣሪያ ከትራክተሩ ጋር እንደ አንድ አካል ይንቀሳቀሳል። የታች ክንዶቹን የሚያነሳው በፓምፕ የሚገፋ የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። በአነስተኛ ትራክተሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አንደኛ ምድብ የሚባለው መጠን ሲሆን፣ የታች ክንዶቹ ፒን ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው ደግሞ 19 ሚሊ ሜትር ነው። መሣሪያ የሚገዛ ወይም የሚከራይ ሰው መጀመሪያ ሊያረጋግጥ የሚገባው ይህንን ነው። በሰፊ ቀዳዳ የገባ ቀጭን ፒን እየተንገጫገጨ ሁለቱንም ይበላል።

በወላይታ የገጠሩ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረ ነው፤ የብዙ ቤተሰብ ማሳ ግማሽ ሄክታር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለአካባቢው የሚስማማው አነስተኛ ትራክተር ነው፤ በእንሰትና በበቆሎ መካከል ዞሮ መመለስ ይችላል። ቀዩ ሸክላ አፈር ግን ለትንሽ ጉልበት አይራራም። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ በአንድ ማሳ ውስጥ እንኳ ከጓሮ ፍግ የጠገበው ክፍልና ከብት የረገጠው ዳር አንድ አይደሉም። የማያያዣው መቆጣጠሪያዎች ጥቅም የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

በበሬ የሚያርስ ገበሬ እርፉን ሲጫን ማረሻው ይጠልቃል፣ ሲያቀልለት ከፍ ይላል። አፈሩ ሲከብድና በሬዎቹ ሲያቃስቱ ሳያስብ እጁን ያቀላል፤ ለስላሳ ቦታ ሲደርስ መልሶ ይጫናል። የመጀመሪያዎቹ ትራክተሮች ይህ እጅ አልነበራቸውም። ማረሻው ከኋላ በሰንሰለት ወይም በብረት ይጎተት ነበር፤ ድንጋይ ወይም ሥር ሲይዘው የትራክተሩ የፊት ጎማዎች ከመሬት ተነስተው በነጂው ላይ እስከ መገልበጥ ይደርስ ነበር። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ በ1884 እ.ኤ.አ. የተወለደው መካኒክ ሃሪ ፈርጉሰን ለዚህ መፍትሔ ፈልጎ፣ ጥልቀትን በሃይድሮሊክ የሚቆጣጠረውን ሥርዓት በ1926 በባለቤትነት አስመዘገበ። በ1938 ከሄንሪ ፎርድ ጋር እጅ ለእጅ ተጨባብጦ ተስማማ፤ በቀጣዩ ዓመት ይህን ማያያዣ የያዘው ፎርድ 9ኤን ትራክተር ወጣ። ዛሬ በየአገሩ የሚሠራ ትራክተር ሁሉ ማለት ይቻላል የዚያን ሥርዓት ዘር ይዟል።

ከነጂው መቀመጫ አጠገብ የሚገኙት ሌቨሮች ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሏቸው። የመጀመሪያው የከፍታ መቆጣጠሪያ ነው። ሌቨሩ በተቀመጠበት ቦታ ልክ ክንዶቹ አንድ ከፍታ ላይ ይቆማሉ፤ ሌቨሩ ካልተነካ አይለወጡም። ለመርጫ፣ ለማዳበሪያ መበተኛ፣ ለጉድጓድ መቆፈሪያና መሣሪያ ተሸክሞ ለመጓዝ የሚያገለግለው ይህ ነው። ለእርሻ ብቻውን አይበቃም፤ የፊት ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ ማረሻው ይበልጥ ይጠልቃል፣ ጎድጓዳ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይነሳል።

ሁለተኛው የጉተታ መቆጣጠሪያ ነው፤ የገበሬውን እጅ የሚተካው እርሱ ነው። አፈሩ ማረሻውን ከታች ወደኋላ ሲይዘው የማረሻው አናት ወደፊት ያጋድላል፤ ስለዚህ የላይኛው ዘንግ ወደ ትራክተሩ ይገፋል። ዘንጉ የተደገፈበት ሞላ ሲታመቅ ቫልቭ ይከፈትና ክንዶቹ ማረሻውን በጥቂቱ ያነሱታል። ጉተታው ሲቀል ሞላው ይዘረጋል፣ ማረሻውም ይወርዳል። ማረሻው በተነሳ ቁጥር ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማዎች ስለሚተላለፍ ጎማው መሬት ይቆነጥጣል። ቀላል ትራክተር ከባድ ማረሻ እንዲጎትት ያስቻለው ዋናው ብልሃት ይህ ነው። ብዙ አነስተኛ ትራክተሮች ግን የጉተታ መቆጣጠሪያ የላቸውም፤ በእነርሱ ላይ ነጂው ራሱ ሌቨሩን ይዞ ማንሳትና ማውረድ፣ ወይም ማረሻው ላይ የጥልቀት ጎማ መግጠም አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በአብዛኞቹ ትራክተሮች ሃይድሮሊኩ ያነሳል እንጂ ወደታች አይጫንም። ሌቨሩ እስከ መጨረሻው ሲወርድ ክንዶቹ ነፃ ይሆናሉ፤ መሣሪያው የሚጠልቀው በራሱ ክብደትና በስለቱ አቀማመጥ ነው። ስለዚህ ማረሻ አልገባ ሲል ሌቨሩን መታገል ከንቱ ነው፤ መታየት ያለበት የላይኛው ዘንግ ነው። ዘንጉ ሲያጥር የማረሻው አፍንጫ ያቀረቅርና ይገባል፤ ሲረዝም ተረከዙ ይቀመጥና ጥልቀቱ ይቀንሳል። በአንድ ጊዜ ግማሽ ዙር ብቻ እያዞሩ መሞከር ይሻላል።

ማስተካከል የሚጀመረው ደልዳላ መሬት ላይ፣ የሁለቱ የኋላ ጎማዎች አየር እኩል ሆኖ ነው። የቀኙ ክንድ የተንጠለጠለበት ዘንግ በእጅ የሚዞር ማስተካከያ አለው፤ በእርሱ መሣሪያው ግራና ቀኙ እኩል ይደረጋል። የቀኝ ጎማው ትልም ውስጥ ሆኖ ሲታረስ ግን ትራክተሩ ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብል፣ ማረሻው ከመሬት ጋር እንዲስተካከል የቀኙ ዘንግ ማጠር አለበት። የጎን ሰንሰለቶቹ ለማረሻ ላላ ይላሉ፣ ለመዝሪያና ለመርጫ ይጠበቃሉ። ከዚያ 20 ወይም 30 ሜትር አርሶ መቆም፣ ጥልቀቱን በሦስት አራት ቦታ በዱላ መለካት፤ ጥሩ ሆኖ ከተገኘ የሌቨሩን ማቆሚያ እዚያው ማሰር ያስፈልጋል። በየትልሙ ሌቨሩ ወደዚያው ነጥብ ይመለሳል። ማረሻው በጉተታ መቆጣጠሪያ እየዘለለ ከሄደ የመቆጣጠሪያው ስሜት በዝቷል ማለት ነው፤ መቀነስ አለበት።

ከመቀመጫው ሥር የምትገኘው ትንሽ ማዞሪያ የመውረጃውን ፍጥነት ትወስናለች። ከባድ መሣሪያ ዱብ ብሎ እንዳይወድቅ ጠበቅ ትደረጋለች፤ ሙሉ በሙሉ ስትዘጋ ክንዶቹን ለጉዞ ትቆልፋለች። ክንዶቹ ጫፍ ሲደርሱ ፓምፑ ከጮኸ የሌቨሩ መመለሻ ዘንግ መስተካከል አለበት። ማንሳት ከደከመ ዘይቱና ፊልትሮው ይታያሉ፤ ሞተር ጠፍቶ መሣሪያው ቶሎ ከወረደ የፒስተኑ ጎሚኒ ወይም ቫልቩ አርጅቷል።

በወላይታ ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ፣ ሃላሌ ዙሪያ እንዳለው ባለ ተዳፋት አገር የተሸከሙት መሣሪያ መሬት ሳይነካ ዝቅ ብሎ መጓዝ አለበት፤ ከፍ ባለ ቁጥር ትራክተሩን ለመገልበጥ ያመቻል። ግንድም ሆነ የተቀረቀረ መኪና ከላይኛው ዘንግ ታስሮ አይጎተትም፤ የሚጎተተው ከታች ካለው መጎተቻ ብረት ብቻ ነው። ነጂው ሲወርድ መሣሪያው መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ሞተሩ ይጠፋል፤ ተነስቶ የቆመ መሣሪያ ሥር ማንም አይገባም፣ ማዞሪያው ተቆልፎም ቢሆን።