ኃይሉ መርጊያ (የመጀመሪያዎቹ የሙዚቃ ዓመታት)

ኃይሉ መርጊያ (በ1946 እ.ኤ.አ. ተወለደ) ኢትዮጵያዊ የኪቦርድ፣ የኦርጋንና የአኮርዲዮን ተጫዋች እንዲሁም የሙዚቃ አቀናባሪ ነው። በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ታዋቂ የነበረው የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች በመሆን ይታወቃል። ይህ ጽሑፍ ከልጅነቱ ጀምሮ እስከ 1981 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጉዞው ድረስ ያለውን የሙዚቃ ሕይወቱን ይመለከታል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የኃይሉ የወጣትነት ሥራ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ በሁለት ምክንያቶች ትኩረት ይሰጠዋል። አንደኛው፣ ድምፃዊ ዋና በሆነበት የሙዚቃ ባህል ውስጥ ዜማውን ኪቦርድ እንዲመራው ማድረጉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከመንግሥት ተቋምም ከክበብ ባለቤትም ነጻ ሆኖ በራሱ መሣሪያ ይሠራ በነበረ ባንድ ውስጥ መሳተፉ ነው።

ልጅነት

ኃይሉ በቀድሞው ሸዋ ጠቅላይ ግዛት በደብረ ብርሃን ተወለደ። የ10 ዓመት ልጅ ሳለ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ያደገው የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ባህላዊ ዘፈኖችን እየሰማ ሲሆን፣ እነዚህ ዜማዎች በኋላ ለሥራዎቹ ዋና ምንጭ ሆነዋል።

በ14 ዓመቱ አኮርዲዮን መጫወት የተማረው ያለ አስተማሪ፣ በራሱ ጥረት ነው። አኮርዲዮን በዚያን ጊዜ በከተማ ሙዚቃ ውስጥ የታወቀ መሣሪያ ነበር። ለመሸከም ይቀላል፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ድምፁም ያለ ማጉያ ይሰማል። የፒያኖ አኮርዲዮን በቀኝ እጅ በኩል የፒያኖ ዓይነት ቁልፎች ስላሉት፣ በዚህ መሣሪያ የሠለጠነ ወጣት ወደ ኦርጋንና ወደ ፒያኖ ለመሻገር ብዙም አይቸገርም። የኃይሉም መንገድ ይኸው ነበር።

ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ወደ ምሽት ክበብ

በዘመናዊ ሙዚቃ መሣሪያ መሥራት የሚፈልግ ወጣት በዚያ ዘመን ብዙ አማራጭ አልነበረውም። በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው «አርባ ልጆች» የሚባሉ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ወዲህ፣ የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎችን የያዙ ባንዶች በመንግሥት ተቋማት ሥር ተስፋፍተው ነበር። የክቡር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ሠራዊት ባንዶች ከነዚህ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ወጣቶች መሣሪያ የሚያገኙት፣ ኖታ ማንበብ የሚማሩትና ደመወዝ የሚከፈላቸው በእነዚህ ተቋማት ነበር። በሌላ በኩል ሙዚቀኛው የተቋሙ ባልደረባ ስለሆነ የሚጫወተውን፣ የሚጫወትበትን ቦታና ሰዓት የሚወስነው አለቃው ነበር።

ኃይሉም በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ለሁለት ዓመት ያህል ቆይቷል። ከዚያ በኋላ ከተቋም ውጭ ወጥቶ በምሽት ክበቦች መሥራት ጀመረ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ የሌሊት ሕይወት እየደመቀ ሄዶ ነበር። ሆቴሎችና ክበቦች የየራሳቸውን ባንድ ይቀጥሩ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን በማቋቋሙ ሸክላ ማሳተምም ከመንግሥት እጅ ውጭ መከናወን ጀመረ።

ይሁን እንጂ የክበብ ሥራ የራሱ የሆነ ችግር ነበረው። ጊታሩን፣ ከበሮውን፣ ኦርጋኑንና የድምፅ ማጉያውን የሚገዛው ብዙውን ጊዜ የክበቡ ባለቤት ነበር። ሙዚቀኞቹ ከባለቤቱ ጋር ሳይስማሙ ቀርተው ቢለቁ መሣሪያውን ትተው ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ። ለትንፋሽ ተጫዋች ይህ እምብዛም ላያስቸግር ይችላል። ለኪቦርድ ተጫዋች ግን ከባድ ነው፤ ኤሌክትሪክ ኦርጋን ውድ ከመሆኑም በላይ እንደ ዋሽንት በብብት ተይዞ አይሄድም።

የዋልያስ ባንድ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኃይሉና የሥራ ባልደረቦቹ የዋልያስ ባንድን መሠረቱ። ስሙ የተወሰደው በሰሜን ተራሮች ከሚኖረው የዱር እንስሳ ከዋልያ ነው። ከባንዱ አባላት መካከል ሞገስ ሀብቴ (ሳክስፎንና ዋሽንት)፣ ዮሐንስ ተኮላ (ትራምፔት)፣ መላኩ ገብሬ (ቤዝ ጊታር)፣ ማሕሙድ አማን (ጊታር) እና ተማረ ሐረጉ (ድራም) ይገኙበታል። ፒያኖ ተጫዋቹ፣ ድምፃዊውና አቀናባሪው ግርማ በየነም ከባንዱ ጋር ሠርቷል።

ዋልያስን ከብዙዎቹ የዘመኑ ባንዶች የለየው የመሣሪያዎቹ ባለቤት ራሱ መሆኑ ነው። በመሆኑም ባንዱ ከክበብ ባለቤቶችና ከሆቴሎች ጋር በውል መደራደር ይችል ነበር፤ ውሉ ሲያበቃም መሣሪያውን ይዞ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ባንዱ ለብዙ ዓመታት የሠራው በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ነው። የሆቴሉ ታዳሚ የውጭ አገር እንግዶችንም ኢትዮጵያውያንንም ያካተተ ስለነበር፣ ባንዱ በአንድ ምሽት የአሜሪካ ሶልና ፈንክ፣ ጃዝና የአገር ዜማ አፈራርቆ መጫወት ነበረበት። የኃይሉ አጨዋወት የተቀረጸው በዚህ ዓይነቱ ዕለታዊ ሥራ ነው።

ኪቦርድ በድምፃዊ ቦታ

በኢትዮጵያ የሙዚቃ ባህል ውስጥ አድማጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው ድምፃዊውንና ግጥሙን ነው። መሣሪያ አጃቢ ነው። ኃይሉ ግን የታወቁ ዘፈኖችን ዜማ ወስዶ ድምፃዊ ሳይኖር በኦርጋን ይጫወት ነበር። ዘፈኑን የሚያውቅ አድማጭ ቃላቱን በልቡ ይሞላል፤ የማያውቀውም ዜማውን ብቻ ይከተላል።

ይህን ለማድረግ ኦርጋን ከፒያኖ ይልቅ ይመቻል። በፒያኖ አንድ ቁልፍ ከተነካ በኋላ ድምፁ ወዲያው መዳከም ይጀምራል። በኦርጋን ግን ጣት ቁልፉን እስካልለቀቀ ድረስ ድምፁ ይቀጥላል። ስለዚህ እንደ ድምፃዊ ትንፋሽ ረዘም ያለ ሐረግ ማውጣት ይቻላል። አኮርዲዮንም በወናፉ አየር ምክንያት ይህንኑ ጠባይ ስለሚጋራ፣ ኃይሉ በልጅነቱ የለመደው አጨዋወት ወደ ኦርጋኑ አብሮት ተሻግሯል ማለት ይቻላል።

ችግሩ የመሣሪያው ቅኝት ነው። ማሲንቆ የሚጫወት አዝማሪ ጣቱን በጭራው ላይ በማንሸራተት በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ መንካት ይችላል። የኪቦርድ ቁልፎች ግን በ12 እኩል ክፍሎች የተወሰኑ ናቸው። የኢትዮጵያ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የተመሠረቱ ናቸው። ለምሳሌ ሜጀር የሚባለው የትዝታ ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ የሚሉትን ድምፆች ይይዛል። እነዚህን በቁልፎች ላይ ማግኘት ቀላል ነው። አስቸጋሪው የዘፋኙን ጉሮሮ እርግብግቢት ማምጣት ነው። ኃይሉ ዋናውን ድምፅ ከመምታቱ በፊት አጎራባቹን ድምፅ ነካ በማድረግ፣ በፈጣን ቅብብልና በሐረጎች መካከል በሚተው እረፍት የዜማውን ለዛ ይጠብቃል። ከሥሩ ቤዙና ድራሙ የፈንክ ምት ሲመቱ፣ ከላይ ዜማው የአገር ቤት ዘፈን ሆኖ ይቀጥላል።

የሰዓት እላፊ ዘመን

በ1974 ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የአዲስ አበባ የሌሊት ሕይወት ተለወጠ። ሰዓት እላፊ ስለታወጀ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ በመንገድ ላይ መገኘት አደገኛ ነበር። አምሃ እሸቴን ጨምሮ ብዙ የሙዚቃ ባለሙያዎች አገር ለቀቁ። ዘፈኖች ለሕዝብ ከመቅረባቸው በፊት ግጥሞቻቸው በሳንሱር ያልፉ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ዋልያስ መጫወቱን አላቋረጠም። ሰዓት እላፊው ከደረሰ በኋላ ታዳሚውም ሙዚቀኛውም ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል፣ በሩ ተዘግቶ ሙዚቃው እስከ ንጋት የሚቀጥልባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ሌሊቱን በሙሉ መጫወት ብዙ ዜማ ማወቅንና አንዱን ዜማ አስረዝሞ በየጊዜው በአዲስ መልክ ማቅረብን ይጠይቃል። ድምፃዊ ሲደክመው ሸክሙ በመሣሪያ ተጫዋቾች ላይ ይወድቃል። ከዚህ በተጨማሪ ግጥም የሌለው ሙዚቃ በሳንሱር ሊመረመር የሚችል ቃል አልነበረውም።

የተቀዱ ሥራዎች

ከኃይሉ የወጣትነት ሥራዎች መካከል ሦስቱ በብዛት ይጠቀሳሉ።

«ትዝታ» (1975)፦ ከዋልያስ ጋር የተሠራ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ካሴት ነው።

«ቼ በለው» (1977)፦ ከዋልያስ ጋር የተሠራ የሸክላ አልበም ሲሆን፣ ሙላቱ አስታጥቄ ተሳትፎበታል። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ታዋቂ ቅንብር የሚገኘው በዚህ አልበም ነው። ቅንብሩን ከጊዜ በኋላ የውጭ አገር ባንዶችም ተጫውተውታል።

«ወደ ሐረር ጉዞ» (1978)፦ ኃይሉ በጊዮን ሆቴል ይሠራ ከነበረው ከዳህላክ ባንድ ጋር ያዘጋጀው ነው።

የሸክላ ምርት እየቀነሰ በመሄዱ የዘመኑ ሥራዎች በብዛት የተሠራጩት በካሴት ነበር። ካሴት በርካሽ ይባዛል፣ በቀላሉም ይበላሻል። ከእነዚህ ቅጂዎች አንዳንዶቹ ለአሥርት ዓመታት ከገበያ ጠፍተው የቆዩትም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

የአሜሪካ ጉዞና ከዚያ በኋላ

በ1981 ዋልያስ ከድምፃዊ ማሕሙድ አህመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ዝግጅት የሄደ የመጀመሪያው የግል የኢትዮጵያ ባንድ ተብሎ ይጠቀሳል። ጉዞው ሲያበቃ ግማሾቹ አባላት ወደ አገር ቤት ተመለሱ፤ ኃይሉ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላኩ ገብሬና ግርማ በየነ ግን በአሜሪካ ቀሩ። ከመነሻው በራሱ መሣሪያ የቆመው ባንድ በዚህ ጉዞ ለሁለት ተከፈለ። በዋሽንግተን ዲሲ ኃይሉ፣ ሞገስና መላኩ ዙላ ባንድ በሚል ስም አብረው ሠርተዋል።

በ1985 ኃይሉ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። በዚህ ሥራ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሮኒክ ድራም ጋር አዋህዷል። በዚህም የልጅነት መሣሪያው ቀድሞ አንድ ሙሉ ባንድ ይዞት በነበረው የዜማ መሪነት ቦታ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከመድረክ ርቆ በዋሽንግተን አካባቢ በታክሲ ሹፌርነት ሲተዳደር፣ በመኪናው ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ይዞ በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር።

በ2013 የ1985ቱ ካሴት ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለ አሳታሚ እንደገና ሲወጣ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። «ቼ በለው»፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» እና «ትዝታ»ም በተከታታይ በድጋሚ ታትመዋል። በተጨማሪም «ላላ በሉ» (2018) እና «የኔ ምርጫ» (2020) የተባሉ አዳዲስ አልበሞችን አውጥቷል።