ስለ በረዶ ግግርና ስለ እንስሳት ቅሪት፦ ከደቡብ ዋልታ እስከ ጮቄ

ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው በስተግራው የጮቄን ተራራ ያያል። ከፍታው ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርድበታል፤ በጧት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ፀሐይ ስትሞቅ ግን ወዲያው ይጠፋል። የየጥኖራ ልጅ በረዶ ሲባል የሚያውቀው ይህንን ውርጭና በክረምት ሰብሉን የሚመታውን ጠጠር ነው። ስለዚህ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ዋልታ አገር በረዶ ስንማር፥ ነገሩ እኛን የማይነካ የሩቅ ወሬ ይመስለን ነበር። እንደዚያ አለመሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ የዋልታው በረዶ እንዴት እንደሚፈጠር እንመልከት። በአንታርክቲካ እንደ ላባ እየበነነ የሚወርደው አመዳይ በአብዛኛው ስፍራ በበጋም አይቀልጥም። የዘንድሮው በአምናው ላይ እየተደረበ ሲሄድ የላይኛው ክብደት የታችኛውን ይጫነዋል፤ በቅንጣቶቹ መካከል የነበረው አየር ይወጣል፤ የተረፈውም በጥቃቅን አረፋ ታስሮ ይቀራል፤ በመጨረሻ አመዳዩ ጠጣር የበረዶ ግግር ይሆናል። ግግሩ ጠጣር ቢሆንም ባለበት አይቆምም። በምጣድ መካከል የፈሰሰ ሊጥ ወደ ዳር እንደሚዘረጋ፥ እርሱም በገዛ ክብደቱ ቀስ እያለ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይሄዳል። ከባሕር በደረሰ ጊዜም ሁሉም ወዲያው አይሰበርም። በረዶ ከውሃ ስለሚቀል፥ አንዱ ወገን ከየብሱ ሳይለይ ሌላው በባሕሩ ላይ ተንሳፎ ይዘረጋል። በአንድ ወገን ከቤቱ ጋር የተያያዘ፥ ከሥሩ ግን መሬት የሌለው ሰገነት ይመስላል። ይህን ተንሳፋፊ ግግር ብለን እንጥራው።

ከተንሳፋፊ ግግሮች ሁሉ የሚበልጠው፥ ጄምስ ክላርክ ሮስ የተባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን በ1841 እ.ኤ.አ. ያገኘውና በስሙ የሚጠራው ነው። ስፋቱ ወደ 500,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ይኸውም የኢትዮጵያን ግማሽ ለማከል ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። ውፍረቱ በመቶ ሜትሮች ይቆጠራል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ግግር ዘላለማዊ አይደለም። ከየብስ በሚመጣው ግግርና ከላይ በሚወርደው አመዳይ ይጨምራል፤ ከዳሩ በመሰበርና ከሥሩ በመቅለጥ ይቀንሳል። በ2002 እ.ኤ.አ. ላርሰን ቢ ከሚባለው ተንሳፋፊ ግግር 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰባብሮ ጠፍቷል።

አሁን ወደ እንስሳቱ እንለፍ። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሮበርት ስኮት መሪነት ወደ አንታርክቲካ የሄዱ ሰዎች፥ በሮስ ባሕር አጠገብ ከተንሳፋፊ ግግር ላይ ዓሦች፥ ዛጎሎችና ስፖንጆች ደርቀው ተበትነው አገኙ። ታዲያ በባሕር ወለል የሚኖረውን ፍጥረት ከወፍራም ግግር አናት ላይ ማን አወጣው? ከስኮት ጋር የዘመተው ፍራንክ ዴብናም የተባለው የምድር ጥናት ሊቅ በ1920 እ.ኤ.አ. መልስ ሰጠ። መልሱም ይህ ነው፦ ግግሩ የባሕሩን ወለል በሚነካበት ስፍራ የባሕሩ ውሃ ከሥሩ እየረጋ ይጣበቃል፤ ሲጣበቅም ጭቃውንና ዛጎሉን ይዞ ነው። ከላይ ደግሞ ደረቅ ነፋስና ፀሐይ ግግሩን በየዓመቱ ይልጡታል። ከታች እየተጨመረ ከላይ ሲላጥ፥ ከሥር የተያዘው ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ላይ ብቅ ይላል። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። የእንስሳ ቅሪት ስናገኝ «የት ተገኘ?» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «ወደዚህ ያደረሰው ምንድር ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ይህንኑ ጥያቄ ወደ አገራችን እናምጣው። ዛሬ በኢትዮጵያ አንድም የበረዶ ግግር የለም። በጥንት ዘመን ግን በሰሜን ተራሮች፥ በአርሲና በባሌ ግግር እንደነበረ ምልክቱ በድንጋዩ ላይ ይታያል። ወንዝ ድንጋይን በመጠን እየለየ ያስቀምጣል፤ ግግር ግን ታላቁን ቋጥኝና ደቃቁን ጭቃ ሳይለይ እየገፋ በዳሩ ይከምራል። እንዲህ ያሉትን ክምሮች የመረመሩ ሊቃውንት በ2021 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቁት፥ በባሌና በአርሲ ተራሮች ግግሩ እጅግ የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነበር። የዚያን ጊዜ አየር ከዛሬው በ4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ይቀዘቅዝ ነበር። አየሩም ሲሞቅ ግግሩ ፈጽሞ ቀለጠ።

በዚያ ዘመን በአካባቢው ሰው ይኖር ነበር። በባሌ ተራሮች ፊንጫ ሐበራ በሚባል፥ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የዋሻ ጥግ ውስጥ፥ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት የሚደርስ ዕድሜ ያለው የምድጃ አመድ፥ የባልጩት መሣሪያና በእሳት የተለበለበ የእንስሳ አጥንት ተገኝቷል። ይህም በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጥቷል። አጥንቱ በብዛት የግዙፉ ፍልፈል ነው። እነሆ፥ ለዴብናም ዓሦች ያቀረብነውን ጥያቄ ለዚህም ብናቀርብ መልሱ ሌላ ይሆናል፤ ይህን ቅሪት ወደዚያ ያደረሰው በረዶ ሳይሆን ከግግሩ አጠገብ እያደነ የሚጠብስ ሰው ነው።

ነገር ግን ግዙፉ ፍልፈል የሞተ ቅሪት ብቻ አይደለም። ዛሬም በባሌ በሕይወት አለ፤ ከባሌም በቀር በዓለም የትም አይገኝም። በባሌ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ዋና ምግቡ እርሱ ነው። ቀይ ቀበሮም ራሱ የቅዝቃዜው ዘመን ልጅ ነው። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት አልፎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አየሩ 4 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የውርጭ አገር ድንበር ከ600 እስከ 700 ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። ዛሬ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚጀምረው ውርጭ ያን ጊዜ ወደ ሞጣና ወደ ቢቸና ከፍታ ተቃርቦ ነበር ማለት ነው። የቀይ ቀበሮ መኖሪያም እንደዚሁ ሰፊ ነበር። ሙቀቱ ሲመለስ ውርጩ ወደ ተራራው አናት ሸሸ፤ ቀበሮውም ተከትሎት ወጣ፤ በውሃ እንደተከበበ የጣና ደሴት በየተራራው ላይ ተለያይቶ ቀረ።

እንግዲህ በዋልታና በእኛ አገር መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፦ በዋልታ በረዶው አለ፥ እንስሳው ሞቶ በላዩ ተገኝቷል፤ በእኛ አገር በረዶው ጠፍቷል፥ እንስሳው ግን ሕያው ቅሪት ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ ሕያው ቅሪት ይጠፋል። ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች ዛሬ በዓለም ሁሉ ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በባሌ ናቸው። የቀሩት በሰሜን፥ በመንዝ፥ በወሎና በአርሲ ተራሮች ጥቂት በጥቂት ሆነው ይገኛሉ። በጮቄም ይኖር ነበር፤ በቅርቡ ዘመን ግን ከዚያ ጠፍቷል። ግግሩ ሲቀልጥ ያልጠፋው እንስሳ፥ ሞፈር ወደ ላይ ሲወጣና ከመንደር ውሻ በሽታ ሲተላለፍ ሊቋቋም አይችልም።

ስለ ሰሜንና ስለ ባሌ ተራሮች የተጻፈውን ያህል ስለ ጮቄ አልተጻፈም። ገብሱና ድንቹ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ድንጋዩ ለካብና ለእርከን ይነሣል፤ አንድ ጊዜ ከተነሣ ደግሞ ወንዝ አመጣው ወይስ ግግር ገፋው ብሎ ለመጠየቅ አይቻልም። ስለዚህ ከጎጃም የመጣን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ አገራችን በምንመለስበት ጊዜ ሁለት ነገር ብናደርግ መልካም ይመስለኛል። አንደኛው፥ ጅብራና አስታ በሚበቅልበት ከፍታ ያለውን የድንጋይ ክምር ሳይነካ ማየትና መመዝገብ ነው። ሁለተኛው፥ ቀይ ቀበሮን በዐይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ሳያልፉ የት፥ መቼና ምን ሲበላ እንዳዩት ጠይቆ መጻፍ ነው። የድንጋዩን ነገር የሚመጣው ተመራማሪ ይፈታው ይሆናል፤ የሽማግሌዎቹን ቃል ግን ዛሬ ካልጻፍነው ነገ የሚያገኘው የለም።