የአባት የክረምት ንባብ

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ያን ጊዜ አባት ተማሪ ቢሆን ምን ነውር አለበት? እኔም ዘንድሮ ዝናቡ ከቤት ሲያውለኝ ሁለት መጻሕፍት አነበብሁ፤ የልዑል ራስ እምሩን «ካየሁትና ከማስታውሰው» እና የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ትዝታ»።

ሁለቱም በ1928 ዓ.ም. በሽሬ ግንባር ዘምተው ነበር፤ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተግዘዋል። ነገር ግን አንደኛው የጦሩ አዛዥ፥ ሁለተኛው ወጣት መምህር ነበሩ። አዛዥ የሚያስበው ስለ ጦሩ ሁሉ ነው፤ ተከታይ ግን ከጎኑ የወደቀውን ጓደኛውን ያስታውሳል። ስለዚህ ያንኑ መንገድ በአንድ ዓይን አያዩትም።

ይህን ለልጄ ብነግራት፥ «ታዲያ እውነተኛው የትኛው ነው፥ አባዬ?» አለችኝ።

«ዳኛ በአንድ ምስክር አይፈርድም፤ ሁለቱንም አንብቢ» አልኋት።

እርስዋ ግን ቀጠለችና፥ «አያቴስ ያዩትን የት ጻፉት?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። አባቴ ያዩትን ሁሉ ይዘው አልፈዋል፤ እኔም አንድ ቀን እንኳ ብዕር ይዤ አልጠየቅኋቸውም።

እንግዲህ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ሆይ፥ በክረምት ሁለት ምስክሮች አንብቡ፤ በቤታችሁ የተቀመጠውን ሦስተኛውን ምስክር ደግሞ ሳይመሽ ጠይቁ።