ተለማማጁ መሐንዲስና የፈረቃው ሠራተኛ

ንድፈ ሐሳብ ከተግባር በተለየ ቁጥር እየመነመነ እንደሚሄድ፣ ተግባርም በንድፈ ሐሳብ ካልተመራ ትናንት የተሠራውን ዛሬ ከመድገም እንደማያልፍ በትምህርትና በሥራ ጉዳይ የሚጽፉ ሁሉ የሚስማሙበት ሐቅ ነው። ሐቁን መቀበል ቀላል ነው። አስቸጋሪው፣ ሁለቱ የሚገናኙበትን ሥፍራ ማግኘትና በዚያ የሚሆነውን በዓይን ማየት ነው። ለምህንድስና ተማሪ ይህ ሥፍራ ከመመረቁ በፊት ለተወሰኑ ወራት የሚላክበት የተግባር ልምምድ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው «ኢንተርንሺፕ» የሚሉት ጊዜ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን በኤሌክትሪክ ኃይል መሥሪያ ቤቶች የሚደረገውን ልምምድ እንመለከታለን።

እንደሚታወቀው የአገራችን ተማሪ ከክፍል ወጥቶ ወደ ሥራው ዓለም ሲዘልቅ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በአገልግሎት ያሳልፍ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በተካሄደው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻም ወደ 60 ሺሕ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል። ይሁን እንጂ በሁለቱም ጊዜያት ተማሪው በአመዛኙ የወጣው ሊያስተምር ነበር። ወደ ኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ የሚላከው የዛሬው ተለማማጅ ግን የሚሄደው ሊማር ነው፤ አስተማሪውም ብዙውን ጊዜ ዲግሪ የሌለው፣ ዕድሜውን በፈረቃ ሥራ ያሳለፈ ወዝ አደር ነው። የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አዋቂ ለመሆን ሲዘጋጅ የኖረ ወጣት በሠራተኛው ፊት ደቀ መዝሙር ሆኖ መቆም አለበት፤ ይህም ከማንኛውም ፈተና የከበደው ፈተና ነው።

አንድ ምሳሌ እናንሣ። በአንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ያነጋገርነው የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ያስገረመው ትራንስፎርመሩ አልነበረም። ትራንስፎርመርን በሰሌዳ ላይ ሁለት ጥቅልል ሽቦ አድርጎ አያሌ ጊዜ ሥሎታል። ያላወቀው፣ በግቢው ወለል ላይ የተነጠፈው ጠጠር ለምን እንደ ሆነ ነበር። ሣር እንዳይበቅል ይሆናል ብሎ ገመተ። ግምቱ ፈጽሞ የተሳሳተ አይደለም፤ የጠጠሩ ዋና አገልግሎት ግን ሌላ ነው። በከፍተኛ ቮልቴጅ መሣሪያ ላይ ብልሽት ደርሶ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ሲፈስ በመሬቱ ገጽ ላይ ከቦታ ቦታ የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል። በዚያች ቅጽበት ሁለት እግሩን አራርቆ የቆመን ሰው በአንዱ እግሩ ገብቶ በሌላው የሚወጣ ኤሌክትሪክ ሊገድለው ይችላል። ንጹሕ ጠጠር በእግሩና በመሬቱ መካከል ገብቶ ይህን ፍሰት ያዳክማል።

ተማሪው ይህን በሁለት እግሮች መካከል የሚፈጠር ቮልቴጅ በክፍል ውስጥ አስልቶታል፤ ጥሩ ውጤትም አግኝቶበታል። ተረኛው ኦፕሬተር በበኩላቸው ስሌቱን አያውቁትም። የሚያውቁት፣ ጠጠሩ በአፈር ሲደፈን ለአለቃ ማመልከት እንደሚገባ፣ አደጋ በደረሰ ጊዜም ሮጦ ሳይሆን ሁለት እግርን አቀራርቦ በአጭር በአጭሩ እየተንፏቀቁ መራቅ እንደሚያሻ ነው። ይህን ሲነግሩት ነው ስሌቱና ጠጠሩ በልጁ አእምሮ ውስጥ የተገጣጠሙት። እርሱም ቁጥሩን በወረቀት ላይ አውጥቶ አሳያቸው፤ እኚህ ሰው ለብዙ ዓመታት ሲጠብቁት የኖሩትን ደንብ ምክንያቱን በዚያን ቀን አገኙ። ንድፈ ሐሳብና ተግባር ተዋሐዱ ስንል ይህን ማለታችን ነው፤ በስብሰባ አዳራሽ የሚጨበጨብለትን አባባል ማለታችን አይደለም።

የመስመር ሠራተኞቹ ትምህርት ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጥብቅ ነው። ምሰሶ ላይ ከመውጣት በፊት ኃይሉን ማቋረጥ፣ የተቋረጠበትን ማብሪያ ማጥፊያ ሌላ ሰው እንዳይመልሰው መቆለፍ፣ በመሣሪያ መፈተሽ፣ ከዚያም መስመሩን ከመሬት ጋር ማገናኘት ግዴታ ነው። ተማሪው «ከጠፋ በኋላ መፈተሹ ምን ያደርጋል፣ ጋሼ?» ብሎ ቢጠይቅ ያገኘው መልስ ይህ ነበር፦ «ልጄ፣ ጠፍቷል ያለህን ሰው ስማው እንጂ አትመነው። ፈትሸህ፣ ከመሬት ጋር አስረህ፣ ከዚያ ወዲያ ንካው።»

ይህ ምክር ከጥርጣሬ የመነጨ ልማድ ብቻ አይደለም። በከተሞቻችን መብራት ሲጠፋ ሆቴሉም፣ ሱቁም፣ ወፍጮ ቤቱም የየራሱን ጄኔሬተር ያስነሣል። ጄኔሬተሩ ከዋናው መስመር የሚለይበት መቀያየሪያ ሳይኖረው በዘፈቀደ የተገጠመ እንደ ሆነ ኃይሉ ከሱቁ ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ሠፈሩ ትራንስፎርመር ይሄዳል። 15 ሺሕ ቮልቱን ወደ 380 ቮልት ያወርድ የነበረው ትራንስፎርመርም በተገላቢጦሽ ትንሹን ቮልቴጅ ወደ ትልቁ ያወጣዋል። ጠፍቷል የተባለው መስመር በዚያች ደቂቃ ሕይወት ዘርቶ የሠራተኛውን ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። ትራንስፎርመር በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሠራ ተማሪው በሁለተኛ ዓመቱ ተምሯል፤ ይህ ዕውቀት የሰው ነፍስ ጉዳይ መሆኑን የተማረው ግን ምሰሶ ሥር ቆሞ ነው።

ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው የካፒታል አንደኛ ቅጽ፣ የወደፊቱ ትምህርት ምርታማ ሥራን ከቀለም ትምህርትና ከአካል ማጎልመሻ ጋር የሚያጣምር እንደሚሆን አመልክቶ ነበር። ይህን የጠቀስነው ለጌጥ አይደለም። የአእምሮ ሥራና የእጅ ሥራ በተለያዩበት ኅብረተሰብ ሁሉ ሐሳቡ ዛሬም ጥያቄ ሆኖ ስለሚኖር ነው፤ በእኛም ዘንድ ጠይቡን ሲንቅና ጸሐፊውን ሲያከብር የኖረ አመለካከት ገና ጨርሶ አልጠፋም።

አሁን ወደ ደካማው ጎን እንለፍ። ከላይ የተረክነው ዕድል የገጠማቸው ተለማማጆች ብዙዎች አይደሉም። አያሌዎቹ በገቡበት መሥሪያ ቤት እንደ እንግዳ ይቆጠራሉ። ደብዳቤ ያመላልሳሉ፣ ፎቶ ኮፒ ያነሣሉ፣ የቀረውን ሰዓት ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ያሳልፋሉ። ወሩ ሲያልቅ ከቀደሙ ተማሪዎች ሪፖርት ገልብጠው፣ ስምና ቀን ለውጠው ያቀርባሉ። ሴቶች ተማሪዎች ደግሞ «ለእናንተ ይከብዳል» እየተባሉ ከመስክ ይልቅ ወደ መዝገብ ቤት ይመራሉ፤ ይህን የሚሉት ኃላፊዎች እንክብካቤ ያደረጉ ይመስላቸዋል። እኛ ግን ትምህርት መንፈግ እንለዋለን።

መሥሪያ ቤቶቹ ተማሪውን ከመሣሪያ የሚያርቁት በክፋት ብቻ ነው ማለት አንችልም። 15 ሺሕ ቮልት ለጀማሪ ምሕረት የለውም። የራስ ቆብና የመከላከያ ጓንት ያልተሰጠውን፣ የአደጋ ዋስትና ያልተገባለትን ወጣት ወደ መስመር የሚያሰማራ ኃላፊ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ጥያቄው ጓንቱንና ዋስትናውን ማን ይስጠው የሚለው ነው። ዩኒቨርሲቲው መሥሪያ ቤቱን ይመለከታል፣ መሥሪያ ቤቱ ዩኒቨርሲቲውን ይመለከታል፤ ተማሪው በመካከል ኮሪደር ላይ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ስለ ጥቂት ወራት ልምምድ መባሉ የበዛ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ያለፍንበትን መንገድ ያስታውስ። ከኢጣሊያ በተገኘ የጦርነት ካሣ የተሠራው የቆቃ ኃይል ማመንጫ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጉልበቱ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው መልካ ዋከና በሶቪየት ኅብረት ትብብር ተገነባ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5 ሺሕ 150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ግድቡ በአገር ገንዘብ ተሠርቷል፤ ነገር ግን የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው ውል በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከአገር ውስጥ ተቋራጩ እጅ እንዲወጣ መደረጉ የሚዘነጋ አይደለም። ገንዘብን በቦንድ መሰብሰብ ይቻላል። ተርባይን የሚገጥም፣ ጄኔሬተር የሚፈትሽ፣ ሲበላሽም በሌሊት የሚጠግን ሰው ግን በመዋጮ አይገኝም፤ ከተረኛ ሠራተኛ አጠገብ ቆሞ ጠጠሩ ለምን እንደ ተነጠፈ ከመጠየቅ ይጀምራል።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎችና የኃይል መሥሪያ ቤቶች በሚፈራረሙት ስምምነት ውስጥ የመከላከያ ልብሱና የዋስትናው ወጪ የማን እንደ ሆነ በግልጽ ይጻፍ። ተማሪው በጠቅላላው «ለመምሪያው» ሳይሆን በስም ለተጠራ አንድ ሠራተኛ ይሰጥ። የሚያስተምረው ሠራተኛም ለዚሁ ተጨማሪ ድካሙ በሰዓት ተቆጥሮ ይከፈለው፤ የደረጃ ዕድገት በሚታይበት ጊዜም ይቆጠርለት። በእጃችን የገባው የተለማማጅ መመዘኛ ቅጽ ሦስት ፊርማዎችን ይጠይቃል፦ የመምሪያ ኃላፊውን፣ የሰው ኃይል አስተዳደሩን፣ የዩኒቨርሲቲውን ተቆጣጣሪ። ከሦስቱ አንዳቸውም ልጁን ምሰሶ ሥር አላዩትም። ለፈረቃው ሠራተኛ ፊርማ አራተኛ መስመር ይሰመር።