የሞጆ ደረቅ ወደብ፦ ጭነት ከመኪና ወደ ባቡር ሲሸጋገር አየሩ ምን ያተርፋል?

ሞጆ ከባሕር በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ትርቃለች። ሆኖም መርከቦች ለኢትዮጵያ ከሚያመጧቸው ኮንቴይነሮች አብዛኞቹ የሚራገፉት በዚህች ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የሞጆ ደረቅ ወደብ በአገሪቱ ካሉት ሁሉ ትልቁ ነው።

ደረቅ ወደብ በባሕር ጠረፍ የሚከናወነውን የጉምሩክ ፍተሻና የማከማቸት ሥራ ወደ መሃል አገር ያመጣል። ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ላይ ከመርከብ ከወረደ በኋላ ሳይከፈት ሞጆ ይደርሳል፤ ቀረጡም እዚያው ይከፈላል። ለአካባቢ አየር ወሳኙ ጥያቄ ግን ጭነቱ በምን ተጓጉዞ ይደርሳል የሚለው ነው።

አንድ ባቡር ስንት መኪና ይተካል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር በሞጆ በኩል ያልፋል። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ይህ መስመር የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው።

አንድ ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና ሁለት ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነሮችን ይጭናል። 100 ኮንቴይነር የጫነ ባቡር እንግዲህ የ50 መኪኖችን ሥራ በአንድ ጉዞ ያከናውናል ማለት ነው።

አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። እያንዳንዱ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ቢፈጅ፣ 50ዎቹ በ800 ኪሎ ሜትር ጉዞ 16 ሺህ ሊትር ያቃጥላሉ። ይህም ከ43 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ባቡሩም ኃይል ይፈልጋል። ነገር ግን የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ሰበቃ አነስተኛ በመሆኑ ለአንድ ቶን ጭነት የሚያስፈልገው ኃይል ያንሳል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ መሆኑ ደግሞ ጥቅሙን ያጎላዋል። ናፍጣን በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ አገር ቁጠባው ከአየርም አልፎ ካዝና ይደርሳል።

ታዲያ መኪኖቹ ለምን አልቀነሱም?

ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ በጅቡቲ በኩል ቢያልፍም፣ የጭነቱ ትልቁ ድርሻ ዛሬም በጋላፊ በኩል በመኪና ይጓጓዛል። ባቡሩ የኃይል መቆራረጥ ይፈትነዋል። አገሪቱ ከምትልከው ይልቅ የምታስገባው ስለሚበልጥ በርካታ ፉርጎዎች ባዶ ይመለሳሉ። ከሞጆ እስከ ነጋዴው መጋዘን ያለው መንገድም ያለ መኪና አይሸፈንም።

ለውጡ የኑሮ ጉዳይም ነው። ከአዋሽ እስከ ሚሌ ባሉ ከተሞች ምግብ ቤቶች፣ አልጋ ቤቶችና ጎሚስታዎች የሚተዳደሩት በሹፌሮችና በረዳቶች ገንዘብ ነው። ሐዲዱ በሚያልፍባቸው የአርብቶ አደር አካባቢዎች ደግሞ በባቡር የሚገጩ ግመሎችና ከብቶች የካሳ ጥያቄ አስነስተዋል።

ሞጆም የራሷ ሸክም አለባት። በቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ወንዟ የተበከለባት ይህች ከተማ፣ ዕቃ ለማንሳት ተራ የሚጠብቁ መኪኖችን ጭስም ትተነፍሳለች። ለአገር የተገኘው ንጹሕ አየር ለነዋሪዎቿም እንዲደርስ ከተፈለገ የጉምሩክ ሂደቱ መፋጠን፣ መኪኖችም ሞተር አጥፍተው የሚጠብቁበት ቦታ መኖር አለበት።

የጎረቤቶች ልምድ

ኬንያ ከሞምባሳ እስከ ናይቫሻ ደረቅ ወደብ የሚደርስ የባቡር መስመር ዘርግታለች፤ ባቡሮቿ ግን በናፍጣ ይሠራሉ። ታንዛኒያ በበኩሏ በ2024 ከዳሬሰላም እስከ ዶዶማ የኤሌክትሪክ ባቡር አገልግሎት ጀምራለች።

ከሁሉም የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፦ ሐዲድ መዘርጋት ብቻውን አየርን አያጸዳም። ባቡሩ ኃይል ሳይቋረጥበት በሰዓቱ ሲደርስና ዋጋው ከመኪና ሲረክስ ነጋዴው ጭነቱን ወደ ሐዲድ ያዞራል። ጭሱ የሚቀንሰውም ያኔ ነው።